የንጉሥ እንጀራና የመንገድ ዳር ዳቦ ቤት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ መራዊን፣ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን እያለፈ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል። በእነዚህ ከተሞች ሁሉ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ሥፍራ ብዙ ሳይርቅ፣ ጠዋት ጠዋት የትኩስ ዳቦ ሽታ የሚወጣበት አንድ ወይም ሁለት ቤት አይታጣም። ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋራ የሚሠሩበት ቤት ነው። ሁልጊዜ ስለምናየው ታሪክ ያለው አይመስለንም። ታሪክ በተባለ ጊዜ ሐሳባችን የሚሮጠው ወደ ነገሥታት፣ ወደ ጦርነትና ወደ ታላላቅ አድባራት ነውና። እኛ ግን በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ስለዚሁ ቤት አንድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። ይኸውም፣ ነገሥታትና መኳንንት ለብዙ መቶ ዓመታት ግብር ሲያበሉ በኖሩበት አገር፣ «አያት ቅድመ አያቶቻችን የንጉሥ ዳቦ ጋጋሪዎች ነበሩ» ብሎ ስሙን በዚያ የሚያስጠራ የዳቦ ነጋዴ ቤተሰብ ያልበቀለው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው።

ጥያቄው የቀልድ እንዳይመስል ወደ ሌላ አገር እንመልከት። በቪየና ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1786 የተመሠረተ፣ ደሜል የሚባል የጣፋጭና የኬክ ቤት አለ። ይህ ቤት ለሀብስቡርግ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ጣፋጭ ያቀርብ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረደ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ቤቱ ያንኑ ዝና ይዞ ይሸጣል። በእንግሊዝ አገርም ለንጉሡ ቤት ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ የንጉሡን አርማ በመደብሩ በር ላይ እንዲሰቅል ይፈቀድለታል። በእነዚያ አገሮች እንግዲህ ንጉሡ ደንበኛ ነው፤ ጋጋሪው ይሸጣል፣ ቤተ መንግሥቱ ይገዛል፣ ከግዢውም ለጋጋሪው ክብር ይተርፈዋል። በእኛ አገር ግን ንጉሡ እንጀራ ገዢ አልነበረም። የጥያቄያችን መልስ ከዚህ የሚጀምር ይመስለናል።

በመጀመሪያ «ግብር» የሚለውን ቃል እንመርምር። ይህ ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ይናገራል። ገበሬው ከምርቱ ለጌታው የሚከፍለው ግብር ነው፤ ጌታው አዳራሹን ከፍቶ ሠራዊቱንና ድኻውን የሚያበላውም ግብር ነው። አንዱ ቃል የሚወጣውንም የሚገባውንም መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ ዙሪያ ጥምጥም ነበርና። እህሉ ከባላገሩ ጎተራ ወደ ግቢ ይገባል፣ በግቢ እንጀራና ጠጅ ይሆናል፣ ከዚያም በንጉሡ እጅ እንደ ስጦታ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ዙሪያ ውስጥ ገበያ የለም፤ ገበያ ከሌለም ዳቦ ሻጭ ሊኖር አይችልም።

ይህ ሥርዓት እጅግ የቆየ ነው። ስለ መካከለኛው ዘመን ነገሥታት ማዕድ የሚናገረው «ሥርዓተ ግብር» የተባለው ጽሑፍ ለበዓላት የሚቀርበውን እንጀራና መጠጥ፣ የሚያቀርቡትንም ሰዎች በየዐይነቱ ይዘረዝራል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ለእንግዶቹ ትልልቅ የስንዴ ዳቦና በጋን የተሞላ ጠጅ ይልኩላቸው እንደ ነበር ጽፏል። ይህ ለእንግዳ የሚሰጥ የዕለት ቀለብ በኋላ ዘመን «ድርጎ» ሲባል እናውቀዋለን። ድርጎ የሚሰጠው የንጉሥ እንግዳ ገበያ ወርዶ ምግብ መግዛት አያስፈልገውም ነበር፤ በሚያልፍበት አገር ያለው ባላገር በንጉሥ ትእዛዝ ይቀልበዋል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሥርዓቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ግቢ በተሠራው ትልቅ አዳራሽ በሺሕ የሚቆጠር ሰው በየተራ እየገባ ይበላ ነበር። ለዚህም ግቢው የሥራ ክፍሎች ነበሩት፤ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት እየተባሉ ለየአለቃው የተሰጡ ናቸው። ለግቢው ቀለብ ተብሎ የተለየው መሬትም «ማድ ቤት» ይባል ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ይህን የመሰለውን የመሬትና የማዕርግ ሥርዓት ለትውልድ ያቆየ መጽሐፍ ነው።

ስለ ግብር የጻፉ እንግዶችም ሆኑ የአገራችን ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት አዳራሹን፣ የሥጋውን ብዛትና የጠጁን ብርሌ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ስላለው ጢስ የጻፈ ጥቂት ነው። እኛ ለምሳሌ ያህል አንድ ትንሽ ስሌት እንሥራ። አንድ ሺሕ ሰው ብቻ ተጋብዞ፣ እያንዳንዱ ሁለት እንጀራ ቢበላ፣ ሁለት ሺሕ እንጀራ ያስፈልጋል። አንዲት ጋጋሪ በአንድ ምጣድ ላይ በሦስት ደቂቃ አንድ እንጀራ ብታወጣ፣ በሰዓት ሃያ፣ በዐሥር ሰዓትም ሁለት መቶ ታወጣለች። እንግዲህ ለአንድ ሺሕ እንግዳ ዐሥር ሴቶች ቀኑን ሙሉ ከምጣድ ሳይነሡ መዋል ግድ ይሆንባቸዋል ማለት ነው። ይህ እንጨት የሚለቅሙትን፣ ውሃ የሚቀዱትን፣ ሊጥ የሚያቦኩትን አይጨምርም። ከሁሉ የከበደውን የፈጪዎቹን ሥራም አይጨምርም። የመኪና ወፍጮ በሌለበት ዘመን ያ ሁሉ ዱቄት በድንጋይ ወፍጮ፣ በመጅ፣ በሴት ክንድ የተፈጨ ነው።

እነዚህ ሴቶች እነማን ነበሩ? ከፊሎቹ የግቢ አገልጋዮች፣ ከፊሎቹም ባሮች ነበሩ። በየአውራጃው በመኳንንቱ ቤት ደግሞ ገባሩ ከሌላው ግዴታው ጋራ እህል አስፈጭቶ ማቅረብ ነበረበት፤ ግዴታው የባል ስም ይኑረው እንጂ ከወፍጮው ፊት የምትንበረከከው ሚስቱ ነበረች። በዚህ ዐይነት የንጉሥን እንጀራ የሚጋግሩት ሰዎች ከአገሪቱ ሰዎች ሁሉ ዝቅተኛውን ማዕርግ የያዙት ነበሩ። ክብሩ የእንጀራ ቤቱ አለቃና የአሳላፊው ነው፤ የጋጋሪዋ አይደለም። በቪየና የጋጋሪው ልጅ የአባቱን ስም በሱቁ በር ላይ ጻፈ። የእኛይቱ ጋጋሪ ልጅ ግን እናቱ የት ትሠራ እንደ ነበር መደበቅን ሳይመርጥ አይቀርም። በ1916 ዓ.ም. የባሪያ ነጻነት ዐዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ይህ የእንጀራችንም ታሪክ አካል ነው ብለን እናምናለን።

ከቤተ መንግሥት ውጭ በገጠር ቋሚ የዳቦ መጋገሪያ ነበረ ወይ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ነበረ ነው፤ እርሱም ቤተ ልሔም ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለችው ይህች ትንሽ ቤት ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ናት። ሥራው የካህናትና የዲያቆናት ነው፤ ኅብስቱም ከንጹሕ ስንዴ፣ ለዚያው ዕለት ቅዳሴ ይጋገራል። ለዚህ የሚሆነው ስንዴ «መገበሪያ» ይባላል። ነገሥታትና እቴጌዎች ለአድባራት መሬት ሲሰጡ መገበሪያው እንዳይቋረጥ በማሰብ ጭምር ነበር። እቴጌ እሌኒ ያሠሯትን መርጡለ ማርያምን የመሳሰሉ የጎጃም አድባራት ከነገሥታት እጅ የተተከሉ ስለሆኑ፣ በጎጃም ምድር ከነገሥታት ጋራ የተያያዘ የዳቦ መጋገሪያ ፈልግ የተባለ ሰው ቤተ ልሔምን ቢያሳይ አልተሳሳተም። ነገር ግን ይህም ዳቦ አይሸጥም።

አሁን ወደ ጎጃም ቤተ መንግሥት እንምጣ። ራስ አዳል ተሰማ በጥር ወር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሆኑ። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማቸውም በቅዱስ ማርቆስ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ማዕድ ምንጩ ልክ እንደ ምኒልክ ማዕድ የገበሬው እህል ነበር። ይህ ዙሪያ በሰላም ጊዜ ሲሽከረከር ሰጪውም ተቀባዩም ይኖርበታል። በጦርነት ጊዜ ግን መቀበሉ ብቻ ይቀራል። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠራዊታቸውን ይዘው ጎጃም በገቡ ጊዜ የሆነው ይህ ነበር፤ ሠራዊቱ አገሩን በላው፣ አወደመውም። ዘመኑም ከብት አልቆ፣ እህል ጠፍቶ፣ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ የገባበት ዘመን ነበር። ንጉሥ ካበላ ግብር ነው፤ ካላበላ ግን ምን እንደሚባል ባላገሩ ያን ጊዜ አወቀው።

በ1888 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ይህ ሁሉ ሠራዊት በመንገድ የሚበላው ስንቅ ከየቤቱ የተሰናዳ ነው፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ጭብጦ። ብዙ ሴቶችም አብረው ዘምተው በየሰፈሩ ይፈጩና ይጋግሩ ነበር። ስለዚህ የዐድዋን ድል ስናስብ፣ ወፍጮና ምጣድ ከጦርና ከጠመንጃ ጋራ አብረው እንደ ዘመቱ ልንዘነጋ አይገባንም።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ ቀስ በቀስ በእህል ቦታ መግባት ጀመረ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ከፈቱ። ይህ በእኛ ጥያቄ ረገድ ታላቅ ነገር ነው። ግብር በማብላት የሚከበር ቤተ መንግሥት ምግብ በዋጋ የሚሸጥበትን ቤት በእቴጌይቱ ስም አቆመ፤ ምግብ መሸጥ እንደ ነውር ይቆጠር በነበረበት ዘመን ይህን ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። በጎጃምም የተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ፣ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋራ አውሮፓን ጎብኝተው የተመለሱት፣ በገንዘብና በንግድ የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ነገር ግን በ1924 ዓ.ም. ከግዛታቸው እስኪሻሩ ድረስ ንግዱ የራሳቸው፣ ግብሩ የገበሬው እንደ ሆነ ቀረ። በትንንሾቹ ከተሞች ዳቦ ቤት የሚከፍት ቤተሰብ ገና አልተወለደም ነበር።

የዛሬው ዳቦ ቤት አባት፣ ስሙን ብንመረምር፣ ከወዴት እንደ መጣ ይነግረናል። ዳቦ ጋጋሪዎቻችን ምድጃውን ፉርኖ፣ ነጩንም ዱቄት ፉርኖ ዱቄት ይሉታል፤ ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፣ ትርጓሜውም ምድጃ ማለት ነው። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ወደ አገራችን የገባው የጣሊያን ጦር በየምሽጉ ለወታደሩ ዳቦ ያስፈልገው ነበር፤ ቡሬና ዳንግላም የጦር ሰፈር የነበረባቸው ከተሞች ናቸው። የእናቶቻችን ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይ እሳት ከታች እሳት ሆኖበት፣ አንድ ባንድ የሚበስል የበዓል ዳቦ ነው። የፉርኖው ዳቦ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ሆኖ የሚወጣ፣ ትንሽ፣ በቁጥር የሚሸጥና የዘወትር ነው። ለንግድ የሚመቸው ይኸኛው ነው። ጠላት ሲወጣ ቃሉም ሙያውም ቀረ።

በዚያው ዘመን ሌላ የእንጀራ ታሪክ ደግሞ ይሠራ ነበር። በአምስቱ የመከራ ዓመታት የጎጃም አርበኛ በየጫካው የኖረው ባላገሩ በሚሰጠው ስንቅ ነው። ያ እንጀራ አለቃ የሚያዝዘው የማድ ቤት እንጀራ አልነበረም፤ ጠላት ቢያውቅ ቤት የሚያስቃጥል፣ ሕይወት የሚያስጠፋ እንጀራ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን መሬት ረግጠው፣ በቡሬ በኩል አድርገው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ አብሯቸው የነበረው የጌዴዎን ጦር ስንቁን የጫነባቸው ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አልቀው ነበር። ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የሚያበላ አዳራሽ አልነበራቸውም፤ ይልቁንስ የገበሬው እንግዳ ነበሩ። እኛ ስንመለከተው፣ ቤተ መንግሥት ከምዕራብ ጎጃም እንጀራ ጋራ ከነበረው ግንኙነት ሁሉ የከበረው ይህ ነው፤ በግዴታ ያልተሰጠ ነበርና።

ከነጻነት በኋላ መንገዱ ሲስፋፋ፣ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ በየከተማው ሲቆም፣ ደመወዝ ተቀባይ የሆነ፣ ከገበሬ ጎተራ የማይቀለብ ሰው በዛ። ይህ ሰው ቁርሱን ይገዛል። የመኪና ወፍጮም መጣና ሴቲቱን ከመጅ አላቀቃት። ዳቦ ቤት በትንንሽ ከተሞች ሊቆም የቻለው በእነዚህ ሦስት ነገሮች፣ ማለት በመንገድ፣ በደመወዝና በወፍጮ ነው። ወንድ ልጅ ሊጥ ሲያቦካ መታየቱ የሚያስነቅፍ መሆኑም በዚሁ ቤት ቀስ በቀስ ቀረ።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የፈረንሳይን አብዮት ስንማር አንድ ነገር በአእምሯችን ተቀርጾ ቀርቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 1789 የፓሪስ ሴቶች ዳቦ ጠፋ ብለው ወደ ቬርሳይ ዘምተው፣ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱንና ልጃቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ «ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሚስቱንና ልጁን አመጣን» ይሉ ነበር። ሕዝብ ንጉሡን እንደ እንጀራ ሰጪ ካየው፣ እንጀራው በቀረ ጊዜ የሚጠይቀው እርሱኑ ነው። በእኛም አገር ይኸው ሆነ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ብሎ ተነሣ፤ መንግሥትም የኋላ ኋላ ውዝፉን ለመማርና ጠቅላይ ገዢውን ለማንሣት ተገደደ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ ሲራቡ፣ የረኃቡ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋራ ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ግብር የማብላት ሥርዓት ፍጻሜ ይህ ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት 25 ቀን የወጣው የመሬት ዐዋጅ ደግሞ ገባርነትን ከሥሩ ነቀለው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በመራዊ ወይም በፍኖተ ሰላም የምናየው የቤተሰብ ዳቦ ቤት የንጉሥ ጋጋሪ ዘር አይደለም። እርሱ የተወለደው የንጉሥ እንጀራ ካበቃበት በኩል ነው። ቢሆንም ከንጉሡ አዳራሽ ጋራ ፈጽሞ አይገናኝም ማለት አይደለም። ዳቦ ቤቱ በራፍ ላይ የሚሰለፈው ሰው ዋጋው ሲጨምር ወይም ዳቦው ሲያንስ የሚያጉረመርመው እንደ ተራ ደንበኛ ብቻ አይደለም። እንጀራ የሚሰጥ ሰው አደራ አለበት የሚለው አሮጌ እምነት ዛሬም በውስጡ አለ። ልዩነቱ፣ ይህ ጋጋሪ በስሙ የሚታወቅ፣ ድካሙን በዋጋ የሚቀበል፣ ልጆቹንም በዚያው ገንዘብ የሚያስተምር መሆኑ ነው። ዛሬ በመራዊ አጠገብ ካለው፣ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያህል መሬት እንዲያጠጣ ከተሠራው ከቆጋ ግድብ በታች ገበሬው በመስኖ ስንዴ ይዘራል። ያ ስንዴ ከዚያው ከተማ ፉርኖ ሲደርስ፣ የቀድሞው ዙሪያ ያለ ገባርና ያለ መልከኛ ተዘጋ ማለት ይቻላል።

በመጨረሻም ለትምህርት ጓደኞቻችን አንድ ማሳሰቢያ እናቀርባለን። የአዳራሹን ታሪክ የጻፉልን ብዙዎች ናቸው። በመጅ የፈጩት፣ በምጣድ ጢስ ዐይናቸው የጠፋው ሴቶች ግን ታሪካቸውን አልጻፉም፤ ስማቸውንም የያዘ መዝገብ የለም። በልጅነታቸው በመኳንንት ቤት ሲፈጭ ያዩ አያቶች ቁጥራቸው እያነሰ ሄዷል። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ ከአያቶቻችን አጠገብ ተቀምጠን፣ ስንት ቁና በሌሊት ይፈጩ እንደ ነበር፣ ለማን ይፈጩ እንደ ነበርና ምን ይከፈላቸው እንደ ነበር ጠይቀን ብንጽፍ፣ ለታሪክ ትምህርት ታላቅ ውለታ እንሠራለን። ይህን ካላደረግን፣ እንጀራውን በልተን ጋጋሪዋን የረሳን ከቀደሙት ሰዎች በምን እንለያለን?